ምን ጠፍቶብህ ነው?

ሲያትል በገባሁ በዓመቱ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. መሆኑ ነው፣ «ቅዳሜ ተራራ እንውጣ» ብለው ጋሼ ከእግር እስከ ራሴ አየኝና «ምን ጠፍቶብህ ነው?» አለኝ። ያኔ አንድ ቤት ተጋርተን ነበር የምንኖረው፤ እሱ ታክሲ ይነዳል። ደግሞም እውነቱን ነው። እኛ አገር ተራራ የሚወጣው ለጸበል፣ ለእንጨት፣ አለዚያም ለጠፋ በሬ ነው። በሬ አልነበረን፤ ምን ሊጠፋብን!

የቦታው ስም ደግሞ ራትልስኔክ ሌጅ ነው። «ይኼ እኮ ጅራቱን የሚያንሿሿው መርዘኛ እባብ ነው!» አለ ጋሼ። ብቻዬን እንዳልነደፍለት ብሎ ግን መጣ፤ የቅዳሴ ጫማውን አጥልቆ፣ ኮቱን ደርቦ፣ የመጥረጊያ እንጨት ጨብጦ።

መንገዱን ስንጀምር፣ ከላይ የሚወርደው ፈረንጅ ሁሉ በግራ በቀኝ ዘንግ ይዟል። ጋሼ ክንዴን ጨመደደኝ። «አላልኩህም? እነሱማ ሁለት ሁለት ነው የያዙት!»

ቁጥቋጦውን ሁሉ እየደበደብን ወጣን። ቆይቶ ነው የሰማነው፤ ያ እባብ ያለው ከካስኬድ ተራሮች ወዲያ፣ በምሥራቁ በኩል ነው። በእኛ፣ በባሕሩ ወገን የለም። ስሙም የወጣው አንድ ሰው ደረቅ የተክል ዘር ሲንኮሻኮሽ እባብ መስሎት ደንግጦ ነው ይባላል። ጋሼ «እሰይ፣ ከእኔ በፊትም ፈሪ ነበረ!» ብሎ ሳቀ።

ዛሬስ? ሐሙስ ማታ ስልኬ ይጮኻል። «ቅዳሜ የት ነን?» ይላል ጋሼ። ሥጋ ቤት ቆሞ ሻኛ ይሁን ዳቢት እንደሚል ሰው ነው የሚያማርጠው። ጉልበት ካለ ማውንት ሳይ፤ ደርሶ መልስ 13 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሽቅቡ ብቻ ከ900 ሜትር በላይ! ከአገር ቤት እናት ከመጣች ስኖኳልሚ ፏፏቴ፤ ከመኪና ወርዳ ጥቂት ከተራመደች 82 ሜትር የሚወረወር ውሃ ፊቷ ነው። ልጆች ከበዙ እዚያው ከተማ ውስጥ ዲስከቨሪ ፓርክ፤ አፋፉ ላይ ሲቆሙ ከታች የፑጀት ሳውንድ ባሕር፣ ማዶ የኦሊምፒክ ተራሮች፣ ወደ ዳርቻው ሲወርዱ ደግሞ ከ1881 ጀምሮ ለመርከብ የሚያበራው ማማ።

ክርክሩ ግን ዞሮ ዞሮ እባባችን ዘንድ ነው የሚያልቀው። በጠዋት ካልደረሱ መኪና ማቆሚያ የለም። ዳቦ ቆሎ በኪስ፣ ቡና በፔርሙስ ይዘን አለቱ ጫፍ እንቀመጣለን። ጋሼ ከሥር ያለውን ሐይቅ እየጠቆመ፣ በ1915 ከግድቡ የሰረገ ውሃ ሞንክተን የምትባል መንደርን እንዴት እንደዋጠ ለእንግዳው ሁሉ ይተርካል፤ ቆሞ ያየ ነው የሚመስለው።

ባለፈው አንድ አዲስ የመጣ ልጅ ይዘን ወጣን። ጫማው ያብለጨልጫል። የጋሼን ሁለት ዘንጎች አየት አድርጎ ቀስ ብሎ ጠየቀ፦ «ጋሼ፣ ዱላው ለምንድን ነው?»

ጋሼ ግራ ቀኙን ገልመጥ አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለእባብ» አለው።