ከግዝረት በኋላ ያሉት ዐሥር ቀኖች

በእኛ ልማድ ወንድ ልጅ በተወለደ በስምንተኛው ቀን ይገረዛል፤ በአርባኛው ቀን ክርስትና ይነሣል። በእነዚህ በሁለቱ በዓላት መካከል ሕፃኑ ቁስለኛ መሆኑን ግን ብዙ ቤተሰብ ልብ አይለውም። ለግዝረቱ ዕለት ምግብ ይሰናዳል፥ ዘመድ ይጠራል፤ ገራዡ ዕቃውን ሰብስቦ ከሄደ በኋላ ግን ቁስሉን የሚጠብቀው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ የተነጋገረ ቤት ጥቂት ነው። ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ ያነሣሣኝም ይኸው ነው።

ውድ አንባብያን እንደምታውቁት ቤተ ክርስቲያናችን የጌታን ግዝረት በየዓመቱ ጥር 6 ቀን ታከብራለች። የልጆቻችን ግዝረት ግን የአገር ልማድ እንጂ የመዳን ሕግ አለመሆኑን ዐፄ ገላውዴዎስ በ1547 ዓ.ም. በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ አስረድተዋል፤ በኖባ አገር ሰዎች ፊታቸውን ከሚበጡበት ልማድ ጋርም አመሳስለውታል። ይህን ማንሣቴ ክርክር ለመክፈት አይደለም። ሕፃኑ ከወራቱ ቀድሞ ተወልዶ፥ ወይም ታምሞ፥ ወይም ዓይኑና ገላው ቢጫ ሆኖ ሳለ ስምንተኛው ቀን ቢደርስ፥ ቀኑን ማሳለፍ ኃጢአት እየመሰላቸው የሚጨነቁ እናቶች ስላሉ ነው። ሕፃኑ እስኪጠና ድረስ መቆየት ይገባል። የሽንቱ ቀዳዳ ከጫፉ ላይ ሳይሆን ከበታች በኩል የተከፈተ እንደ ሆነ ደግሞ ሳይገረዝ ለቀዶ ጥገና ሐኪም መታየት አለበት፤ ሐኪሙ ጉድለቱን የሚያቃናው በዚያው በሸለፈቱ ቆዳ ነውና።

የበኵር ልጄ በተገረዘ በሦስተኛው ቀን በቤታችን የሆነውን ልንገራችሁ። ባለቤቴ ጠዋት ጨርቁን ስትፈታ ቁስሉ ቢጫ ነገር ለብሶ አየች። አማቴ፥ «መግል ይዟል፤ ለጋ ቅቤ አምጡልኝ» አሉ። ባለቤቴም ቢጫውን ልትጠርገው እጇን ዘረጋች። ሁለቱም ጥቂት እንዲታገሡ ለምኜ ሕፃኑን ታቅፈን ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ በብርሃን አገላብጣ አየችውና፥ «ይህ መግል አይደለም፤ ቁስሉ ሲድን የሚለብሰው ስስ ልባስ ነው። ብትፍቁት ይደማል፤ ከተዋችሁት በጥቂት ቀን ራሱ ይለቃል» አለች። አማቴ፥ «ቅቤውሳ፥ ልጄ?» ቢሏት፥ «ቅቤውን ለአራሷ ያድርጉላት፥ እማማ» አለቻቸው። ሣቁ።

እንግዲህ መግልን ከልባስ መለየት ከባድ አይደለም። ልባሱ ሽታ የለውም፤ በዙሪያው ያለው ቅላትና እብጠትም ከመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ቀኖች በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል። መግል ግን ወፍራም ነው፥ ይሸታል፤ ቅላቱም እየሰፋ ወደ ሆዱ ይወጣል። ቅቤ፥ አመድ ወይም የቅጠል ጭማቂ በተከፈተ ቁስል ላይ ሲደረግ ተሐዋስያንን ይዞ ይገባል።

የአጠባበቁ ሥራ እምብዛም አያስቸግርም። እጅን በሳሙና ታጥቦ፥ ፈልቶ ለብ ባለ ውኃ ሳይፈትጉ ማጠብ፤ ገራዡ ካዘዘም ቁስሉ ከጨርቁ ጋር እንዳይጣበቅ ንጹሕ ቫዝሊን መቀባት ነው። ፋሻው ተጣብቆ እንደ ሆነ በለብታ ውኃ አርሰው ያላቅቁታል እንጂ አይነጩትም። አልኮል አይነካውም። ሕፃኑ ቢያለቅስ ጡት ይሰጠዋል። በዚህ ዓይነት ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ይድናል።

እጅግ የሚያሠጋው ደም ነው። በጨርቁ ላይ የሳንቲም ያህል ደም መታየቱ አያስደነግጥም። እየተንጠባጠበ አልቆም ካለ ግን በንጹሕ ጎዝ ይዞ፥ ቆመ አልቆመም እያሉ ሳይገልጡ፥ 10 ደቂቃ መጫን ያስፈልጋል፤ ካልቆመም እንደ ተጫኑት ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው። ሦስት ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በሰውነቱ ያለው ደም በጠቅላላው ሩብ ሊትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ «እስኪነጋ እንይ» አይባልም።

በልጅነቴ ድቁና በተማርሁበት በጎጃም አገር አንዲት እናት ሁለት ወንዶች ልጆቿ ከግዝረት በኋላ ደማቸው አልቆም ብሎ ሞተውባት ነበር። ሰዉ የቡዳ ዓይን ነው አለ። ሦስተኛውን በወለደች ጊዜ አላስገርዝም ብላ ሕፃኑን ይዛ ወደ እናቷ አገር ሄደች፤ መንደርተኛውም ሃይማኖት የጎደላት አድርጎ አማት። ዓመታት ካለፉ በኋላ በዘመናዊው ትምህርት ቤት ሄሞፊሊያ ስለሚባለው ሕመም ስማር ያች ሴት ትዝ አለችኝ። ሕመሙ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ሲሆን፥ እናቲቱ ራሷ ጤነኛ መስላ ሳለች ለወንዶች ልጆቿ ልታወርሰው ትችላለች። የአይሁድ ሊቃውንትም የሕመሙ ስም ሳይታወቅ፥ ሁለት ወንድሞቹ በግዝረት የሞቱበት ሕፃን እንዳይገረዝ በታልሙድ ፈርደዋል። ያች የጎጃም ገበሬ ሚስት ማንንም ሳትጠይቅ ያደረገችው ይህንኑ ነበር። ስለዚህ በእናት ወገን ደሙ የማይቆም ወንድም ወይም አጎት ካለ፥ ምላጩ ሳይነሣ በፊት ለሐኪም ይነገር፤ አይታፈር። በቤት የተወለደ ሕፃንም ደም እንዲረጋ የሚረዳውን የቫይታሚን ኬ መርፌ አላገኘ ሊሆን ይችላልና ይጠየቅ።

ስለ መንጋጋ ቆልፍም ጥቂት ልበል። ኢትዮጵያ የእናቶችንና የጨቅላ ሕፃናትን መንጋጋ ቆልፍ እንዳስወገደች የተረጋገጠው በ2009 ዓ.ም. ነው፤ ተሐዋሲው ግን ዛሬም በአፈርና በፋንድያ ውስጥ አለ። እናት በእርግዝናዋ ጊዜ የምትከተበው ክትባት ልጁንም ይጠብቃል። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ደኅና ጠብቶ ሳለ በኋላ መጥባት ያቃተው፥ ገላው የገተረና የሚንዘፈዘፍ ሕፃን በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መድረስ አለበት። ትኩሳቱ 38 ዲግሪ የደረሰ፥ ወይም ከተገረዘ 12 ሰዓት ሞልቶት ሽንት ያልሸና ሕፃንም እንዲሁ።

ገራዡ በጤና ተቋም የሠለጠነ፥ ምላጩም ለዚያ ሕፃን ብቻ የተከፈተ ይሁን። ከመለያየታችሁም በፊት ፋሻው መቼ እንደሚነሣ ጠይቁት። የፕላስቲክ ቀለበት አስገብቶ እንደ ሆነ ራሱ እስኪወድቅ አይጎተትም፤ ስንት ቀን እንደሚቆይና ቫዝሊን ይቀባ አይቀባ እንደ ሆነ ይንገራችሁ። ሌሊት ደም ቢመጣ የሚደወልበትን ስልክ በወረቀት አጽፋችሁ፥ አራሷ ከምትተኛበት አልጋ ራስጌ ለጥፉት።