በመናገሻ ሱባ ጥዶች ሥር

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ተዳፋት ላይ የሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን ለእግር ጉዞ የሚመረጠው ለከተማው ቅርብ በመሆኑ ብቻ ሳይሆን፣ ቀስ ብሎ የሚራመድን ሰው በአንድ ቀን ውስጥ ከአንዱ የአየር ንብረት ወደ ሌላው ስለሚያሻግር ጭምር ነው። ወጨጫ ከጠፋ ብዙ ዘመን ካለፈው እሳተ ገሞራ የተፈጠረ ተራራ ሲሆን ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ 3,385 ሜትር ይደርሳል። ደጋ የሚባለው፣ ማለትም ከ2,300 ሜትር ገደማ እስከ 3,200 ሜትር የሚዘልቀው ቀዝቃዛ ምድር፣ ወደ ጫፉ ሲቃረቡ ያበቃና ውርጭ ለሚባለው፣ ሌሊት ብርዱ ለሚጠናበት ከፍታ ቦታውን ይለቃል፤ እግረኛውም ይህን ለውጥ በትንፋሹ ማጠርና በዙሪያው ባሉት ዛፎች መለዋወጥ ያውቀዋል።

መንገዱ በመጀመሪያ የሚያልፈው ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ በመጣው፣ በሰው እጅ በረድፍ በተተከለው የፈረንጅ ጥድ መካከል ነው። ከዚያ በላይ የሐበሻ ጥድ፣ ወይራና ዝግባ ተቀላቅለው የቆሙበት ነባሩ ደን ይጀምራል፤ እዚህ ብርሃኑ ይደበዝዛል፣ አየሩ ይረጥባል፣ ቅጠል የሚበሉት ጥቁርና ነጭ ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲወረወሩ የሚሰማው ድምፅ ከንፋስ የመጣ ይመስላል። በትውፊት እንደሚነገረው፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሰሜን ሸዋ ከሚገኘው ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው በዚህ ተራራ ላይ አስዘርተዋል። ዛሬ የሚታዩት ዛፎች በቀጥታ የዚያ ዘመን ችግኞች ናቸው ማለት ባይቻልም፣ ደንን ተክሎ ማቆየት የመንግሥት ጉዳይ ሆኖ በሕዝብ ትዝታ ውስጥ ይህን ያህል ዘመን መኖሩ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ከአራት መቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ አዲስ አበባ በማገዶና በግንባታ እንጨት እጥረት ተጨንቃ መናገሻውን በስተምዕራብ ወደሚገኘው አዲስ ዓለም የማዛወር ሐሳብ እስከ መነሣት በደረሰበት ጊዜ፣ ባሕር ዛፍ መጥቶ ከተማዋን እንደታደጋት ሲታሰብ፣ በዚያች ከተማ ደጃፍ ላይ ይህን የመሰለ የጥድ ደን መትረፉ የበለጠ ያስደንቃል።

ደኑን የሚጎበኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑን ወደ ላይ ይሰቅላል፤ እስከ 40 ሜትር የሚያድገው ጥድ፣ ቅርፊቱ በቀጫጭን ሰቅ እየተላጠ፣ ከቅርንጫፎቹ ግራጫ ጢም የመሰለ ሽበት እየተንጠለጠለ ሲታይ እንዲህ ማድረጉ የሚጠበቅ ነው። ሆኖም የደኑ ዕጣ የሚታወቀው ከመሬቱ ነው። በትልልቆቹ ጥዶች ጥላ ሥር ጎንበስ ብሎ የሚፈልግ ሰው የወይራና የሌሎች ጥላ የሚችሉ ዛፎችን ችግኝ ሲያገኝ፣ የጥድን ግን እምብዛም አያገኝም፤ ጥድ ብርሃን የሚሻ ዛፍ ስለሆነ በወላጆቹ ጥላ ሥር አይበረታም። ወፎች የሚበሉት ሰማያዊና ጥቁር የተቀላቀለበት ፍሬው በእግረኛው ጫማ ሥር በብዛት ወድቆ ይገኛል፤ በጣት ሲታሽ ላዩን የሸፈነው ነጭ ዱቄት መሰል ነገር ይለቅና የሙጫ ሽታ ይወጣዋል። ይህ ሁሉ ዘር ግን ፀሐይ የሚደርስበት ቦታ ካላገኘ፣ ካገኘም በኋላ ከከብት ጥርስና ከእሳት ካልተጠበቀ፣ ግዙፎቹ ጥዶች ሲወድቁ በቦታቸው የሚቆመው ሌላ ዛፍ ይሆናል።

ከጥዱ በላይ ኮሶ ይከተላል። ኮሶ ወንዱና ሴቱ በተለያየ ግንድ ላይ የሚያብብ ዛፍ ሲሆን፣ የሴቴው ቀይ አበባ እንደ ወይን ዘለላ ተንጠልጥሎ ከሩቅ ይታያል፤ ይህ አበባ ደርቆና ተወቅጦ የአንጀት ትል ለማስወጣት ለብዙ ዘመን ሲጠጣ የኖረ መድኃኒት ነው፣ ምሬቱም በአማርኛ የመራራ ነገር ሁሉ መለኪያ ሆኖ ቀርቷል። ወደ ጫፉ ዛፎቹ ያጥራሉ፣ አስታ የሚባለው ጥቃቅን ቅጠል ያለው ቁጥቋጦ ቦታውን ይይዛል፣ ሰማዩም ይከፈታል።

በቁልቁለቱ ሲመለሱ፣ ትልቅ ግንድ ወድቆ ብርሃን የገባበት የመንገድ ዳር ላይ፣ ቁመቷ ከጉልበት የማያልፍ የጥድ ችግኝ ቆማ ትገኛለች። የአረጋዊው ጥድ ቅጠል እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ ለእጅ ልስልስ ሲል፣ የችግኟ ቅጠል ግን ገና መርፌ ነው፤ የነካትን ጣት ትወጋለች፣ ከእሷ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይም የከብት ኮቴ ጭቃው ላይ ታትሟል።