የእናቴ ድሪቶ

የሱሉልታን ክረምት ላልኖረበት ሰው መንገር ያስቸግራል። ከአዲስ አበባ ተነሥተው እንጦጦን አልፈው ቁልቁል ሲወርዱ የሚያገኙት ሜዳ በበጋ ደረቅና ነፋሻ ነው። ሰኔ ሲገባ ግን ሜዳው ውሃ ያቁራል፤ ጭጋጉ እስከ ረፋድ አይነሣም፤ የታጠበ ልብስ ሦስት ቀን ገመድ ላይ ውሎም እርጥብ ነው። መብራት የጠፋ እንደ ሆነ ቤተሰቡ ሁሉ ከሰሉን ይከብባል። በበጋ እንግዳ የማያጣው የእኛ የመጋቢው ቤት እንኳ በሐምሌ ጭር ይላል። ጭቃው ጠያቂውን ሁሉ ያስቀራል።

የ2017 ዓ.ም. ክረምትን ያሳለፍኩት በሁለት ነገሮች ነው፤ በስፌትና በእግር ጉዞ። ስፌቱን የጀመርኩት ስለ ልጄ ብዬ ነው። ጉዞውን ያዘዘኝ ደግሞ ሐኪም ነው። ሁለቱ ግን በመጨረሻ ወደ አንድ ቦታ ወሰዱኝ፤ 24 ዓመት ሙሉ ለማንም ሳልናገረው ወደ ኖርኩት ነገር።

ትልቋ ልጄ የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስዳ ውጤት እየጠበቀች ነበር። ዩኒቨርሲቲ ከገባች የምትለብሰው የሚሞቅ ነገር ያስፈልጋታል ብዬ አሰብኩ። በገበያው አጠገብ ከሚሰፋው ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄጄ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ቁርጥራጭ ጨርቅ ገዛሁ። ቤት ገብቼ መቀሱን ሳነሣ፣ ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ከእኛ ጋር የምትኖረው የ77 ዓመት እናቴ ድምፁን ሰምታ፣ «ምን እየቆረጥሽ ነው?» አለችኝ።

«ድሪቶ ልሠራ ነው፣ እማዬ» አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ፊቴ እንደ ጋለ ተሰማኝ። እርሷ ግን፣ «እስቲ አቀብዪኝ፣ ልዳብሰው» አለችና እጇን ዘረጋች።

ድሪቶ የሚለው ቃል በቋንቋችን ክብር የለውም። ከአሮጌ ልብስ ቁርጥራጭ እየተደራረበ የሚሰፋ፣ የተቸገረ ሰው የሚለብሰው ነው። ሰው ሲናቅ «ድሪቶ ለባሽ» ይባላል። በሌላው ዓለም ግን ይኸው ሥራ ትልቅ ሙያ ሆኖ ይታያል። በአሜሪካ በአላባማ ግዛት፣ ጊዝ ቤንድ በምትባል ትንሽ መንደር የሚኖሩ ጥቁር እናቶች ልጆቻቸውን ከብርድ ለመከላከል ካረጀ የሥራ ልብስ ድሪቶ ይሰፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 እነዚያ ድሪቶዎች በሂውስተን ከተማ ሙዚየም ለሕዝብ ታዩ፤ ዛሬ በዓለም የታወቁ ናቸው። በቤንጋል አገር ያሉ ሴቶችም ያረጀ ሳሪ ደራርበው እየሰፉ «ካንታ» ይሉታል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። በወጣትነቴ የማውቀው ድሪቶ ድህነት መሆኑን ብቻ ነበር።

በ1993 ዓ.ም. የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ስገባ የ21 ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ካለው ገጠራችን ስትሸኘኝ አንድ ድሪቶ አስታቀፈችኝ። ከሟቹ አባቴ የካኪ ኮት፣ ከወንድሞቼ የተማሪ ቤት ልብስና ከራሷ ቀሚስ የሰፋችው ነበር። በማደሪያው ክፍል ሌሎቹ ልጆች አልጋቸው ላይ ያነጠፉት የደብረ ብርሃን ፋብሪካ ብርድ ልብስ ነበር። ከዚያው አገር የመጣሁት እኔ ግን በድሪቶ ልተኛ ነው! አላወጣሁትም። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በጋቢ ብቻ እየተንቀጠቀጥኩ አደርኩ። ቆይቶ ለሌላ ሥራ ጠቀመኝ፤ አጥፌ ጠረጴዛ ላይ እያነጠፍኩ ልብስ እተኩስበት ጀመር። አንድ ቀን የከሰል ካውያው ቆይቶበት መሃሉን አቃጠለው።

በጥር ወር እናቴ ዳቦ ቆሎና ቅቤ ይዛ፣ ሳትነግረኝ ልትጠይቀኝ መጣች። ክፍላችን ስትገባ ድሪቶው ጠረጴዛው ላይ፣ ካውያው በላዩ ነበር። ምንም አላለችም። ቀረብ ብላ የተቃጠለውን ቦታ በመዳፏ አንድ ጊዜ ዳበሰችውና ስለ ጎረቤት ልጅ ሠርግ ታወራኝ ጀመር። በማግሥቱ ሸኘኋት። ስመረቅም ድሪቶውን እዚያው ትቼው ወጣሁ።

እህቴ ሆይ፣ ከዚያ በኋላ በሴቶች አገልግሎት ስለ ዶርቃ ስንት ጊዜ እንዳስተማርኩ አልቆጥረውም። በኢዮጴ የነበረችው ያቺ ደቀ መዝሙር በሞተች ጊዜ መበለቶቹ እያለቀሱ የሰፋችላቸውን ልብስ ለጴጥሮስ ያሳዩታል። ምስክሯ ንግግሯ ሳይሆን ስፌቷ እንደ ነበር አስተምሬ ብዙዎችን አስለቅሻለሁ። የገዛ እናቴ መርፌ ያፈራውን ግን ደብቄ፣ አቃጥዬ፣ ጥዬ የወጣሁ እኔ ነኝ። ይህን እያወቅሁ ነበር የማስተምረው።

እንግዲህ በዚህ ክረምት መምህሬ እርሷ ሆነች። ትምህርት ቤት ስለ ተዘጋ ትንሹ ልጄ ጠዋት ጠዋት ዐሥር መርፌ ላይ ክር ያስገባላትና ትራሷ ላይ ይሰካላታል። እርሷ በጣቷ እየዳበሰች ትሰፋለች፣ እኔንም ታርመኛለች። «አቡጀዲውን ሳታጥቢ እንዳትሰፊው» ትለኛለች፤ ያልታጠበ አዲስ ጨርቅ ኋላ ሲታጠብ ይሰበሰባልና። ቀዩ ጨርቅ ውሃው እስኪጠራ ድረስ ለብቻው መነከር አለበት። ወፍራሙን ከስሱ ጋር ያጋጠምኩ እንደ ሆነ፣ «ጂንሱ ሻሹን ይቀደዋል» ብላ ታስፈታኛለች። ላዩ ቁርጥራጩ፣ መሃሉ ያረጀ ጋቢ፣ ገበሩ አቡጀዲ ነው። ሦስቱ በየስንዝሩ አብረው ካልተሰፉ መሃሉ ወደ አንድ ጥግ ይሰበሰባል። ሙቀቱም የሚመጣው በድርብርቡ መካከል ከሚቀረው አየር ነው።

ጌታ ኢየሱስ በአሮጌ ልብስ ላይ ስለሚጣፍ አዲስ እራፊ የተናገረውን ምሳሌ በኮሌጅ ተምሬዋለሁ። የግሪኩ ቃል ገና ያልታጠበና ውሃ ያልጠገበ ጨርቅን እንደሚያመለክት ጽፌ ጥሩ ውጤት አግኝቼበታለሁ። ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ ግን አቡጀዲውን በእጇ ይዛ በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዳችኝ፤ ያን ጊዜ ገና ገባኝ።

አሁን ወደ ጉዞው ልመለስ። በግንቦት ወር ስኳሬ ከፍ ብሎ ስለ ተገኘ ሐኪሙ በየቀኑ ቢያንስ 30 ደቂቃ እንድራመድ ነገሩኝ። «በዚህ ጭቃ?» ብላቸው፣ «ቦቲ ይግዙ» አሉኝ። ገዛሁ። ከሁለት የቤተ ክርስቲያናችን እህቶች ጋር ሆነን፣ ጅቡ ወደ ጎሬው ከገባና ጎሕ ከቀደደ በኋላ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ እንነሣለን። አትሌቶቹ በቡድን ሆነው ጭቃውን እየረጩ ያልፉናል፤ እኛ በዝግታ ወደ እንጦጦው ወገን እንወጣለን። ቅዳሜ ቅዳሜ ጊዜ ስለሚኖረን ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሆነው ጫፍ እንደርሳለን። በመንገዳችን ላይ የባሕር ዛፍ ሸክም ያጎበጣቸው ሴቶች ያጋጥሙናል። አንዳንዶቹ በእናቴ ዕድሜ ያሉ ናቸው። ዛፉ ከባሕር ማዶ፣ ከአውስትራሊያ፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን መጥቶ ነው ስሙን ያገኘው። እነዚያ እናቶች ግን ባሕሩን አይተውት አያውቁም፤ እኔም አይቼው አላውቅም።

ከሁለቱ አንዷ ጂኦግራፊ አስተማሪ ናት። በሐምሌ አንድ ቅዳሜ ጫፉ ላይ ቆመን ዝናቡ ያዘን። እርሷም ጃንጥላዋን እያመለከተች፣ «በዚህ በደቡብ በኩል የሚንጠባጠበው ወደ አዋሽ ይወርዳል። አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ አፋር ምድር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያበቃል። በዚህ በሰሜን የሚንጠባጠበው ግን ወደ እኛ ሜዳ ወርዶ ሙገርን፣ ከዚያም ዓባይን ይቀላቀላል፤ ዓባይም ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜድትራንያን ባሕር ይገባል» አለችን። አንዲት ጃንጥላ፣ ሁለት መንገድ!

ያን ቀን ቤቴ ስመለስ የማስበው ይህንኑ ነበር። ደጃፌን የሚያጨቀየው ውሃ ዶርቃ ትሰፋበት ወደነበረው ወደዚያ የባሕር ዳርቻ የሚሄድ ነው። ኢዮጴ የምትገኘው በዚያው ባሕር ዳር ነውና። ከአንድ ጫፍ ተነሥቶ አንዱ ሲደርስ ሌላው መንገድ ላይ የሚቀረው፣ ሲወድቅ በያዘው አቅጣጫ ነው። የእኔም ነገር 24 ዓመት ሲንከራተት ኖሮ የትም ሳይደርስ ሊደርቅ ነው ብዬ ፈራሁ። እናቴ 77 ዓመቷ ነው። ምን እየጠበቅሁ ነው?

ያም ሆኖ ሌላ አንድ ወር አለፈ። ለምእመናን ይቅርታን ማስተማር የለመደ አፍ ለራሱ ሲሆን እንዴት እንደሚተሳሰር ያየሁት በዚያ ወር ነው። በነሐሴ መጨረሻ አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ባለቤቴ ለለቅሶ ወጥቶ፣ እኔና እርሷ ድሪቶውን በጉልበታችን ላይ ዘርግተን እኔ ከአንዱ ጫፍ እርሷ ከሌላው እንሰፋ ነበር።

«እማዬ፣ ኮሌጅ ስገባ የሰጠሽኝን ድሪቶ ታስታውሽዋለሽ?» አልኳት።

እጇ አላቆመም። «ካውያ ያቃጠለውን?» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ የተናገርኩት ሁሉ በለቅሶ ነው። እንዳፈርኩበት፣ አንድ ሌሊት እንኳ እንዳልለበስኩት፣ ስመረቅም ጥዬው እንደ ወጣሁ ነገርኳትና «ይቅር በዪኝ» አልኳት። ዝም ብላ አስጨረሰችኝ። ከዚያም፣ «አልከፋኝም አልልሽም» አለች። «መኪናው ውስጥ ስመለስ እስከ ሸኖ አልቅሻለሁ። ሸኖ ስደርስ ተውኩት። የቆጨኝ አንድ ነገር ነው፤ መርፌ አልያዝኩም ነበር። ብይዝ ኖሮ ሌሊቱን ጥፌልሽ እመለስ ነበር።»

ዝም ስል ጊዜ ደግሞ፣ «ትቼው ወጣሁ ነው ያልሽው? ታዲያ ከኋላሽ የገባች፣ ብርድ የመታት ልጅ ለብሳዋለቻ!» ብላ ሳቀች። ድሪቶውን ሳይሆን እኔን ነበር የምታጽናናው።

ከሸኖ ጀምሮ ይቅር ተብዬ ነበር ማለት ነው። የምሥራቹን ሳልሰማ የኖርኩት ዝም ስላልኩ ነው።

ድሪቶው ያለቀው ጳጉሜ ውስጥ ነው። ጳጉሜ 4 ቀን የሕዳሴው ግድብ ሲመረቅ ቤተሰቡ ሁሉ ቴሌቪዥን ይመለከት ነበር። ትንሹ ልጄ «የእኛም ሜዳ ውሃ እዚያ ውስጥ አለ!» እያለ ሲጮህ፣ እኔና እናቴ የመጨረሻውን ጠርዝ እየቀመቀምን ነበር።

ልጄ ጥሩ ውጤት አመጣች። ድሪቶውን ስሰጣት አገላብጣ አየችውና አቀፈችኝ። ቀጥላም፣ «እማ፣ እውነቱን ልንገርሽ? በጣም ያምራል፤ ግን ካምፓስ አልወስደውም። ልጆቹ ምን ይሉኛል?» አለችኝ። ትንሽ ደነገጥኩ። ወደ እናቴ ዞር ስል ግን ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት በነጠላዋ አፏን ይዛለች። እኔም ሳቅሁ። ልጄ ቢያንስ ፊት ለፊት ነግራኛለች፤ እኔ በ21 ዓመቴ ያልቻልኩትን ማለት ነው። «ይቆያት፤ ድሪቶ አይቸኩልም» አለች እናቴ። እስከዚያው ድረስ እርሷ ትለብሰዋለች፤ እንደሚሞቅም መስክራለች።

ጉዞውንም አልተውኩትም። መስከረም ሲጠባ ጫፉ ላይ አደይ አበባ ፈክቶ ቆየን፤ ስኳሬም ወረድ ብሏል። ከጉዞ ስመለስ እናቴን እስከ በሩ ድረስ ደግፌ አወጣትና ፀሐይ እንሞቃለን።

ውድ አንባቢዬ፣ ምናልባት በአንቺም ወይም በአንተ ቤት፣ በዝምታ የተቃጠለ አንድ ነገር ይኖር ይሆናል። ያኛው ወገን አይቶት ይሆናል፤ ምናልባትም ከብዙ ዘመን በፊት በመንገድ ላይ ትቶት ይሆናል። ይህን የምታውቁት ስትጠይቁ ብቻ ነው። እናታችሁ በሕይወት ካለች ክረምቱን አትጠብቁ። መርፌና ክር ያዙና አጠገቧ ተቀመጡ፤ ወሬው ራሱ ይመጣል።