«ፑር» የሚሉት ቃል

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ዘበኛው በሩ ላይ ይቆምና «አስታማሚ ውጣ!» ይላል። ፌስታልና ፔርሙዝ ያንጠለጠለ ሁሉ ተግተልትሎ ይወጣል፤ ነጭ ለባሾቹ ተግተልትለው ይገባሉ። ፊተኛው ሽበታም ነው። ከኋላው ወጣት ሐኪሞች፣ ከእነሱ ኋላ ደብተር የያዙ ተማሪዎች። «ራውንድ» ይሉታል። እኛ ኮሪደሩ ላይ ሆነን በበሩ መስተዋት ስናጮልቅ አፋቸው ሲንቀሳቀስ እናያለን እንጂ ቃል አንሰማም። ብንሰማስ ምን ሊጠቅመን! የሚነጋገሩት በእንግሊዝኛ ነው።

በ2010 ዓ.ም. ክረምት እናቴ አዲስ አበባ ውስጥ፣ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል፣ ሃያ ሦስት ቀን ተኛች። የገባችው በእግሯ ነበር። ሆዷ አብጦ፣ ዓይኗ ቢጫ ሆኖ፣ ግን በእግሯ። ከገባች በኋላ በስሟ የጠራት አልነበረም፤ አልጋ 14 ሆነች። እኔም የአልጋ 14 አስታማሚ ሆንኩ። ስጠራ እሮጣለሁ። በበሩ ክፍተት ወረቀት ይሰጠኛል። «ይኼ እዚህ የለም፣ ከውጭ ግዛ።» ለምን እንደሚሰጣት አይነገረኝም። መርካቶ፣ ፒያሳ፣ ስታዲየም አካባቢ ያልጠየቅኩት መድኃኒት ቤት አልነበረም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የእናቴ በሽታ ስም ማን እንደሆነ አላውቅም ነበር ብል ማን ያምነኛል? አስታሞ የሚያውቅ ያምነኛል።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናገር። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬ ያስተማረኝ አንድ ነገር ቢኖር መጠየቅን ነው። ሚኒስትር ፊት ቆሜ ጠይቄያለሁ። ነጭ ጋዋን ፊት ግን አንደበቴ ተሳሰረ። ብጠይቅ ይቀየማሉ፣ ቢቀየሙ እናቴን ይበድሉብኛል ብዬ ፈራሁ። የበደለኝ ሳይኖር አስቀድሜ ፈራሁ።

በዚያው በአሥራ ሁለተኛው ቀን አክስቴን ኮሪደሩ ጥግ ስታለቅስ አገኘኋት። ከጡቷ ሥር በመሐረብ የታሰረ ገንዘብ አውጥታ እጄ ላይ አደረገችው። የእናቴን የሠርግ ሐብል ፒያሳ ወስዳ ሸጣዋለች። ሽጪው ያለቻት እናቴ ራሷ ናት፤ ለእኔ እንዳትነግረኝ አስምላት።

ምክንያቱን ስሰማ መጀመሪያ ሳቅ ነበር የመጣብኝ። እናቴ እስከ አራተኛ ክፍል ተምራለች። «ሪች»ና «ፑር» ተቃራኒ መሆናቸውን ከዚያ ዘመን ጀምሮ አልረሳችም። ሐኪሞቹ በየጠዋቱ አልጋዋ ዘንድ ቆመው ያን ሁሉ እንግሊዝኛ ሲያወርዱት ከመካከሉ አንዲት የምታውቃት ቃል ትሰማለች። ፑር። በማግሥቱም ፑር። «ድሃ መሆኔን አውቀዋል» አለቻት ለአክስቴ። «አትከፍልም ብለው ነው አይተው የሚያልፉኝ። ገንዘብ እንዳለን ይወቁ።»

ሳቁ ብዙ አልቆየልኝም። ከወጣቶቹ ሐኪሞች አንዷን ደረጃው ላይ አስቁሜ በመጨረሻ ጠየቅኩ። ሌሊቱን ሙሉ ስትሠራ ያደረች መሆኗን ዓይኗ ይናገራል። «ፑር ፕሮግኖሲስ ነው ያልነው» አለችኝና ዝም አለች። ቀጥላ በአማርኛ ልታስረዳኝ ሞከረች። ካንሰር ነው፤ ከጉበቷ አልፎ ተሰራጭቷል፤ ከእንግዲህ ሕመሙን ማስታገስ ነው፤ አያድናትም። ይህን ለማለት የፈጀባት ጊዜና ያላባት ላብ እኔን አሳዘነኝ። ከእናቴ በፊት ለእሷ አዘንኩ። «ለእናቴ ነግራችኋታል?» አልኳት። «ቤተሰብ ቢነግራት ይሻላል ብለን…» አለች።

እንግዲህ ይህችን ልጅ ልውቀስ? የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ከተከፈተ ጀምሮ ሐኪም የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። ፈተናው በእንግሊዝኛ፣ የበሽተኛው ካርድ በእንግሊዝኛ። ጉበትን አገላብጣ ተምራለች። «እናቴ፣ ይህ በሽታ አይድንም» የሚለውን አረፍተ ነገር ግን በየትኛው ክፍል ትማረው? እሷም እኮ ከእኔ ጋር አማርኛ ትናገራለች። አልጋ 15 ላይ የተኙት የአርሲ እናት ግን ከኦሮምኛ በቀር አያውቁም፤ ለእሳቸው የእኛም አማርኛ እንግሊዝኛ ነው። የልጅ ልጃቸው ትምህርት ቤት ውሎ እስኪመጣ ድረስ የት እንደሚያማቸው እንኳ የሚጠይቃቸው አልነበረም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 20 ማንም ሰው ምርመራም ሆነ ሕክምና አልፈልግም ለማለት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ደግ ሕግ ነው። እናቴ ግን ምን እንዳላት ሳታውቅ የቱን እሺ፣ የቱን እምቢ ትበል?

ሐኪሞቹን ብቻ ይዤ እንዳልሄድ፣ የእኛም ቤት አለ። ያን ዕለት ማታ ቤተሰብ ተሰበሰበ። ታላቅ ወንድሜ «ከነገራችኋት ገደላችኋት» አለ። ሁላችንም ተስማማን። መቼም መርዶ ስናረዳ ወግ አለን። ሰውየውን በሰበብ ወደ ቤቱ እናደርሰዋለን፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሲነጋጋ ሽማግሌ አፉን ይከፍታል። የሞተውን ሰው ለመንገር ይህን ያህል ሥርዓት አበጅተን፣ ለሚሞተው ለራሱ ለመንገር ምንም አላበጀንም።

በማግሥቱ ዘበኛው ሳያስወጣን በፊት አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

«ፑር ያሉት ስለ ገንዘብ አይደለም፣ እማዬ።»

«ታዲያ ስለ ምንድን ነው?»

እኔ እንጀራዬ ትርጉም ነው። በገጽ እየተከፈለኝ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ስንቱን የፈረንጅ ሐተታ ገልብጫለሁ! ያቺን አንዲት ቃል ግን…

«ደምሽ ነው» አልኳት። «ደምሽ ትንሽ አንሷል ማለታቸው ነው።»

ብዙ ጊዜ አየችኝ። የአልጋ 15ዋ እናትም የገባቸው ይመስል ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«እንግዲያው ገንዘብ ካልሆነ» አለች እናቴ፣ «ሐብሌን አስመልሱልኝ። ለእኅትህ ልጅ ያሰብኩት ነበር።»

ገንዘቡን እንደታሰረ ይዤ በዝናብ ፒያሳ ወረድኩ። አክስቴ የነገረችኝን ወርቅ ቤት አገኘሁት። ባለቤቱ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ፣ መዝገባቸውን አገላበጡ። ሐብሉ ትናንት ቀልጧል።

ስመለስ ከሰዓት በኋላ ነበር። ራውንዱ አልፏል፤ ኮሪደሩ የበረኪና ሽታ ይሸታል።

«አገኘኸው?»

«ሰኞ ኑ ብለዋል» አልኳት።

ጋቢዋን ወደ አገጯ ሳብ አደረገችና «እነሱም በእንግሊዝኛ ነው የነገሩህ?» አለችኝ።