ሳንሄድ የምንጸልይላት ከተማ

ወዳጆቼ፣ ከመርካቶ የምንገዛው ብዙ ዕቃ ከቻይና ይመጣል። በዋጋው እንከራከራለን፤ ስለ ሰዎቹስ ምን እናውቃለን? እኔ ገበያ ሲቀዘቅዝ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብዬ ስለ ዦውዧንግ አነባለሁ። በሱዡ አካባቢ ያለች፣ መንገዷ ውኃ፣ መኪናዋ ጀልባ የሆነ ጥንታዊ ከተማ ናት። እናቶች በድንጋይ ደረጃ ወደ ቦዩ ወርደው ልብስ ሲያጥቡ ይታየኛል።

ማርኮ ፖሎ ስለ ሱዡ ድልድዮች እ.ኤ.አ. በ1298 ገደማ ያስጻፈው ጄኖዋ ታስሮ ሳለ ነው፤ ስለ ሐበሻም አገራችንን ሳይረግጥ ከሰማው ተርኳል። ጳውሎስም በእስራት ሆኖ ፊቱን ላላዩት ለቆላስይስ ሰዎች ጽፏል፤ ጸልዮላቸዋልም።

እናንተስ? ለጉዞ ገንዘብ ባይኖራችሁ መጽሐፍ ግለጡ። የዚያችን ከተማ ሰዎች በስም ባታውቋቸውም ጌታ ያውቃቸዋልና በጸሎታችሁ አስቧቸው።