የኛዋ ናት

ካርቱም፣ ደይም ሰፈር፣ በጋውን የምንተኛው ግቢ ውስጥ ነበር። ክፍሉ ሌሊቱንም እንደ ምጣድ ስለሚግል ጠፍር አልጋችንን፣ ሱዳኖቹ አንገሬብ የሚሉትን፣ አውጥተን ውሃ ባርከፈከፍንበት መሬት ላይ እንዘረጋለን። የካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ ከከተማ ውጪ ሳይሆን እመሀሏ ላይ ነውና የሚነሳውም የሚያርፈውም ከጆሯችን አያመልጥም።

ጎረቤታችን በሱዳን አየር ኃይል የበረራ መሐንዲስ ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ ሐጂ ነው የሚላቸው። ባለቤቴ ቡና ስታፈላ “ዝንጅብል አብዢበት ልጄ” እያሉ ይመጣሉ። የሠሩት በፕሬዚዳንት ኒሜሪ ዘመን ከአሜሪካ በተገዛው ሲ-130ኤች፣ ሄርኩለስ በሚባለው ላይ ነው። ጨለማው ውስጥ የሞተር ድምፅ ሲመጣ ጣታቸውን ያነሳሉ፤ ወሬ ይቋረጣል። “አንቶኖቭ ነው” ይላሉ ወይም “የኛዋ ናት”። አንቶኖቭን በወንድ፣ ሄርኩለስን በሴት ነበር የሚጠሩት። እሷ ዝቅ ብላ ስታልፍ ሲኒዎቹ ረከቦቱ ላይ እርስ በርስ ይነካካሉ፤ ሐጂም ድምፁ ጠፍቶ እስኪያልቅ ሲኒያቸውን አያነሱም።

ድምፁን እኔም ቀድሜ አውቀው ነበር። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ የእንግሊዝ ሄርኩለሶች ከአዲስ አበባ እየተነሱ ሰሜን ሸዋ፣ ራቤል፣ እህል ይጥሉልን ነበር። የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች ቀድመው ይመጡና ቦታውን ያመቻቻሉ። ከዚያ ያቺ ሆዳም አውሮፕላን ከዛፍ ብዙም በማይበልጥ ከፍታ መጥታ ከጅራቷ ሥር ከተከፈተው በር ጆንያውን ታፈሰዋለች። እንዳይፈነዳ ጆንያው በላይ በላዩ የተደራረበ ነው። እኛ ልጆች አቧራው ሳይበተን ሮጠን የፈሰሰውን እየለቀምን በነጠላችን እንቋጥራለን። ሐጂ ይህን ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝና እጄን ያዙ። ከዚያ የራሳቸውን አወጉኝ፤ በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ የአሜሪካ ሲ-130ዎች ገዳሪፍ አጠገብ አርፈው ወደ 500 የሚጠጉ ቤተ እስራኤላውያንን ይዘው ወደ እስራኤል፣ ኔጌቭ በረሃ በረሩ። ኒሜሪ ከሥልጣን የወደቁት ወሩ ሳይወጣ ነው።

ሄርኩለስ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረችው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። የመጀመሪያዎቹ ባለ ሦስት ቅጠል ፕሮፔለር ነበሩ፤ የሐጂዋ ኤች ባለ አራት ነች። ከሁለቱ ፓይለቶች ኋላ፣ መሀል ላይ፣ የበረራ መሐንዲሱ ይቀመጣል። የአራቱ ሞተሮች ሙቀት፣ ዘይትና ነዳጅ በመርፌ በሚነበቡ ክብ መለኪያዎች ፊቱ ተደርድሯል። መንገድ የሚመራው ናቪጌተርም የራሱ ጠረጴዛ አለው። “ሞተር ሲታመም መርፌው ሳይናገር እግሬ ይነግረኛል” ይሉ ነበር ሐጂ፤ ከወለሉ የሚመጣውን ንዝረት ማለታቸው ነው።

አዲሷ ሞዴል፣ ሲ-130ጄ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረችው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ቁመናዋ ያው ነው፤ ከሩቅ ያያት ሰው አይለያትም። ፕሮፔለሯ ግን ባለ ስድስት ቅጠል፣ ጫፉም እንደ ማጭድ ቆልመም ያለ ነው። ከኤች ትፈጥናለች፣ ከፍ ብላ ትበራለች፣ ባጠረ ሜዳ ትነሳለች። መርፌዎቹ በስክሪን ተተክተዋል። ሁለት ፓይለትና አንድ የጭነት ኃላፊ ይበቋታል። የውስጧን ፎቶ መጽሔት ላይ አግኝቼ ለሐጂ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት። “የኔ ወንበር የት አለ?” አሉኝ። ኮምፒዩተር እንደተካው ነገርኳቸው። “ጥሩ ነው፤ አይደክመውም” ብለው መጽሔቱን መለሱልኝ። እኔም አዲሷ እንደምትሻል አልክድም። የሚቆጨኝ በእግር የሚሰማው ዕውቀት ከባለቤቱ ጋር አብሮ መሄዱ ነው። ያን ጊዜ ስለ እያንዳንዱ ንዝረት ጠይቄ ብጽፈው ኖሮ!

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሳ አውሮፕላን ማረፊያው የመጀመሪያው የጦር ሜዳ ሆነ። እኛ ወደ ኦምዱርማን ሸሸን። ከዚያ በስተሰሜን ባለው በዋዲ ሰይድና የጦር ማረፊያ እንግሊዞች ከ2,000 በላይ ሰዎች ወደ ቆጵሮስ አወጡ፤ ከሚመላለሱት አውሮፕላኖች መካከል አዲሷ ጄ ነበረች። ሌሊት ጣሪያ ሥር ሆኜ አዳምጥ ነበር። ድምፁ የለሰለሰ ነው፤ ሐጂ አጠገቤ ቢኖሩ ጣታቸውን አንስተው ምን ይሉ እንደነበር እያሰብኩ አነጋለሁ። ልጅ ሆኜ እህል ያወረደችልኝ የዚያው የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለስ ነች። እኛ በአውቶቡስ ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍ ጋላባት፣ ድልድዩን ተሻግረን መተማ ገባን።

እንግሊዝ የቀሯትን ሄርኩለሶች ሰኔ 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከአገልግሎት አሰናበተች። የራቤሏ ቀርቶ የዋዲ ሰይድናዋም ዛሬ ትዝታ ናት።

ሐጂን ጦርነቱ ከተነሳበት ሳምንት ወዲህ አላየኋቸውም። ደይም የኖራችሁ፣ በሞተር ድምፅ ጣታቸውን የሚያነሱትን ሽማግሌ የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ያሉበትን ንገሩኝ።