የሰንሰለት ልክ

ሁምቦ ውስጥ ሞተር ማለት ታክሲ ነው። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚሄደው አስፋልት ጠበላን አቋርጦ ያልፋል፤ ከአስፋልቱ ወጥታችሁ ወደ አበላ ቆላ ስትወርዱ ግን የሚጠብቃችሁ ጠጠርና አቧራ፣ በክረምት ደግሞ ጭቃ ነው። እዚያ መንገድ ላይ አንድ ሞተር ሹፌሩን፣ ሁለት ሰውና አንድ ጆንያ በቆሎ ይዞ ይሄዳል። ሕጉ ስንት ሰው ይፈቅዳል ብላችሁ አትጠይቁኝ። ታላቅ ወንድሜ እናታችንን ጨምሮ አምስት ሰው የሚያስተዳድረው በዚህ ሥራ ነው። ሞተሩን የገዛው የዕቁብ ዕጣ ቀድሞ ወጥቶለት ነው፤ ክፍያው ገና አላለቀም። ሰንሰለቱ ከተበጠሰ የዚያ ቀን ገቢ ቀረ። ተበጥሶ የኋላውን ጎማ ከቆለፈው ደግሞ ሦስት ሰው መሬት ላይ ነው።

ባለፈው ዓመት ጊፋታ ሊደርስ ሲል፣ ከየአገሩ የሚመጣው ሰው በዝቶ ሥራ በደራበት ሰሞን፣ ሰንሰለቱ ላልቶ ይንቋቋ ጀመር። ወንድሜ አንድ መካኒክ ጋ ወሰደው፤ መካኒኩም እንደ ክራር ጅማት ወጥሮ መለሰለት። ድምፁ ጠፋ። «አሁን ገና ሞተር ሆነ!» አለ ወንድሜ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የኋላው ኩሽኔታ መጮህ ጀመረ። ከጊፋታ ገቢ ብዙው ለኩሽኔታና ለእጅ ዋጋ ሄደ።

ሰዉ የጠበቀ ሰንሰለት ለምን እንደሚወድ ይገባኛል፤ የላላ ነገር ያስፈራል። ከመጠን በላይ የላላውም እውነትም ከጥርሱ ላይ ይዘላል። ግን የፊተኛው ጥርስ ቦታው አይነቃነቅም፣ የኋላው ከጎማው ጋር ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል። ሰው ሲጫን ሞላው ይጨመቅና በሁለቱ ጥርሶች መሃል ያለው ርቀት ይጨምራል። ባዶ ሞተር ላይ ልክ የመሰለው ውጥረት፣ ሁለት ሰውና ጆንያ ሲጨመርበት ኩሽኔታውን መጎተት ይጀምራል።

አሁን የምንሠራው እንዲህ ነው። ሞተሩ ይጠፋል፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ይሆናል፣ በመሃል ስታንዱ ይቆማል። (ሞተሩ እየሠራ ሰንሰለት የሚያጸዳ ሰው ካያችሁ ጣቱን እንዲቆጥር ንገሩት።) የታችኛውን መስመር መሃሉ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ትገፉታላችሁ፤ በብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሮች ላይ ጠቅላላ እንቅስቃሴው ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው፣ የየሞተሩ ልክ መመሪያው ላይ አለ። ጎማውን እያዞራችሁ ብዙ ቦታ ለኩ፤ ሰንሰለት እኩል አያልቅም፣ የሚስተካከለውም በጣም በጠበቀበት ቦታ ነው። ከዚያ የአክሰሉን ዳዶ አላልቶ ግራና ቀኙን ማስተካከያ እኩል፣ ሩብ ሩብ ዙር። ዳዶውን ካጠበቃችሁ በኋላ እንደገና ለኩ። የኋላ ፍሬኑንም እዩ፤ ጎማው ወደ ኋላ ሲሄድ በዘንግ የሚሠራ ፍሬን ይጠብቃል።

በተቃጠለ ዘይት መቀባት ርካሽ ነው፣ ግን ውስጡ የብረት ብናኝ አለ። በነጭ ጋዝና በለስላሳ ብሩሽ አጽድቶ፣ አድርቆ፣ የማርሽ ዘይት ጠብ ጠብ አድርጎ ትርፉን መጥረግ ይሻላል፤ ትርፉ የአበላን አቧራ ሁሉ ይሰበስባል።

ከወንድሜ ጋር እስካሁን ያልተስማማነው መቀየሪያው ጊዜ ላይ ነው። ሰንሰለት «ተሳበ» ይባላል እንጂ ብረቱ አይሳብም፤ የሚበላው በየመገጣጠሚያው ያለው ፒን ነው። 428 በሚባለው ሰንሰለት ከፒን እስከ ፒን 12.7 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ 20 መገጣጠሚያ አዲስ ሲሆን 254 ሚሊ ሜትር ይመጣል። 259 ከደረሰ አልቋል። እሱ አንድ ሁለት መገጣጠሚያ አስቆርጦ ማሳጠር ይፈልጋል፤ ብዙዎቹም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። እኔ ከሁለቱ ጥርሶች ጋር አንድ ላይ ይቀየር ባይ ነኝ፤ ተበልቶ መንጠቆ የሆነ ጥርስ አዲሱንም ቶሎ ይጨርሰዋል። «ብሩን አንተ ትሰጠኛለህ?» ይለኛል።

ቅዳሜ ማታ 257 ነበር። የለካነው በሴት ልጁ ማስመሪያ ነው፤ ሰኞ ለትምህርት ቤት ስለምትፈልገው ሁለት ጊዜ በሳሙና አጥቦ መለሰላት።